ክረምት ሳይገባ፦ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የኮሌራ ዝግጅት ጥያቄና መልስ

ሙሉ፦ ሲስተር፣ ወረዳችን ለኮሌራ ምን ያዘጋጅ?

ሲስተር፦ በዚህ መልኩ ሊመለስ አይችልም። የሕዝቡን ብዛት፣ የመጠጥ ውሃውን ምንጭና የጤና ጣቢያዎቹን ቁጥር ጻፉልኝ።

ደረጀ፦ 65 በመቶ የክሎሪን ዱቄት ደርሶናል። ለእጅ፣ ለወለልና ለትውከት እንዴት እንበጥብጠው?

ሲስተር፦ እንዲህ ነው የሚጠየቅ! ሁሉም በ10 ሊትር ውሃ ነው። ለእጅ 0.05 በመቶ፣ 7 ግራም፤ ከአፉ እኩል የሞላ የሾርባ ማንኪያ ግማሽ ማለት ነው። ለወለልና ለመጸዳጃ 0.2 በመቶ፣ 30 ግራም፣ ሁለት ማንኪያ። ለትውከት፣ ለሰገራና ለአስከሬን 2 በመቶ፣ 300 ግራም። ጓንትና ማስክ አድርጉ፤ ዱቄቱን ውሃው ላይ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ዱቄቱ ላይ አትድፉ። ብረት ስለሚበላ ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን። ዝቃጩ ወደ ታች ሲወርድ ከላይ የጠለለውን ተጠቀሙ። የክሎሪኑ ኃይል ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ። ከአሲድ ጋር ከተቀላቀለ መርዛም ጋዝ ያወጣል። ባልዲዎቹ ላይ መጠኑን ጻፉ! የ2 በመቶው ባልዲ ለእጅ መታጠቢያ ከተቀመጠ ቆዳ ያቃጥላል።

ኃይሉ፦ ለምን ኮሌራ ትላላችሁ? በሪፖርት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ይባል ነበር።

ሙሉ፦ ስሙ ሲሸፋፈን ነው ሕዝቡ የሚዘናጋው!

ኃይሉ፦ ላቦራቶሪ ሳያረጋግጥ ስም ማውጣትስ?

ሲስተር፦ በስም ክርክር ጊዜ አታባክኑ። ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይዞት ሰውነቱ ክፉኛ የደረቀ አንድ ሰው ከታየ ጤና ጣቢያው በ30 ደቂቃ ውስጥ ለወረዳው ያሳውቅ። የሰገራ ናሙናው ፀረ ባክቴሪያ ከመሰጠቱ በፊት ይወሰድና በካሪ ብሌየር (ናሙና ማጓጓዣ ውህድ) ይላክ፤ ፍሪጅ ውስጥ አይግባ። ፈጣን ምርመራው የካልቸርን (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ የመለየት ምርመራ) ቦታ አይተካም።

ሰናይት፦ ኦአርኤሱ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) እንዲበቃ አንዱን ፓኬት ለሁለት ብንከፍለውስ?

ሲስተር፦ አይቻልም። አንዱ ፓኬት ሙሉውን ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ በዓይን ሲከፈል ጨው ሊበዛበት ይችላል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ከ6 ወር በላይ ላለ ሕፃን ዚንክ 20 ሚሊ ግራም በቀን፣ ለ10 ቀን።

ደረጀ፦ የዘመቻው አበልስ?

ሲስተር፦ ፋይናንስን ጠይቁ።

ኃይሉ፦ ክሎሪኑ ስንት ነበር?

ሲስተር፦ ከላይ ተጽፏል፤ አንብቡት። ለመጠጥ ውሃ ከሆነ ግን ሌላ ነው፦ ድፍርሱን አጥልሉ፣ ክሎሪን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ቀሪ ክሎሪኑ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም መሆኑን ለኩ። ከእነዚያ ባልዲዎች ማንም እንዳይጠጣ፤ ጻፉባቸው።