ጉጉዋ ጠንቋይና ስሙን የማይናገረው ሰው፦ የፍቅር ልቦለድ ለምትጽፉ ወጣቶች

ውድ ወጣት ጸሐፊዎች፣

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ረቂቅ ሳነብና ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ብወጣም ረቂቁ መምጣቱን አላቆመም። ድሮ በእጅ ተጽፎ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ይመጣ ነበር። አሁን በቴሌግራም ይመጣል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ዓይነት ታሪክ በዝቶብኛል። ወጣት ጠንቋይ አለች፤ ነገር ካልገባት እንቅልፍ አይወስዳትም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው አለ። ይዋደዳሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ ይለኛል። እኩዮቼ "ምን ዓይነት ዘመን መጣ" ሲሉ እሰማለሁ። ምኑ ነው አዲሱ? አገራችን ሰው ከማይታየው ጋር ሲዋደድና ሲጣላ የኖረበት አገር ነው።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሰውየው ሁልጊዜ በዝናብ ነው የሚመጣው። ካፖርቱ ጥቁር፣ ዓይኑ አረንጓዴ፣ ስሙ ሉካስ። ቦታው ደግሞ ቦሌ! እስቲ በሐምሌ ዝናብ ቦሌ ላይ ጥቁር ካፖርት ለብሶ የቆመ ሰው ስታዩ ምን ትላላችሁ? ታክሲ አጥቶ ነው ትላላችሁ እንጂ ልባችሁ አይመታም።

ሉካስን ግን ስሙን በመቀየር ብቻ አታድኑትም። ችግሩ ደራሲው ራሱ ሰውየው ማን እንደሆነ አለማወቁ ነው። "ምስጢሩ ምንድን ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። "ገና አልወሰንኩም፤ ክፍል 30 ላይ ይገለጣል" ይሉኛል። በቃ፣ እዚህ ላይ ተበላሸ። ልጅቷ ጉጉ ናት ብላችኋላ! ጉጉ ሰው ይጠይቃል፣ ይበረብራል፣ ጎረቤት ያናግራል። መልሱን እናንተ ካላወቃችሁት እሷን ማደናቀፍ ትጀምራላችሁ። ልትጠይቅ ስትል ስልክ ይጠራል። መልስ ሊሰጣት ሲል በር ይንኳኳል። በክፍል 2 የጠየቀችውን በክፍል 9 ረስታዋለች። አንባቢ ግን አይረሳም። ከእሷ በላይ ጉጉ እሱ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሰውየውን እወቁት። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስለ ዛር አመጣጥ በአገራችን የሚነገር አንድ ተረት አለ። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት ይባላል። አንድ ቀን ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ መጣ። እሷ ፈርታ መልከ መልካሞቹን አሥራ አምስቱን ደበቀቻቸው። እሱ የማያየው ነገር የለምና፣ የደበቅሻቸው እንደተደበቁ ይቅሩ አለ። የተደበቁት ዛሮች ሆኑ። የቀረነው እኛ ነን፤ መልካችንም ጉልበታችንም አነስ ያለው።

እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ደጃችሁ ላይ ቆሞ ሉካስን ከሩቅ ታመጡታላችሁ? ይሄኛው ሰው ቆንጆ ነው፣ ቆንጆ በመሆኑም ተቀጥቷል። የደበቀችው የገዛ እናቱ ናት፤ ያውም ከፍቅር የተነሣ። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ መታየት። ልጅቷ የምትፈልገው ደግሞ ማየት ነው። ያለ አንድ ድግምት ሁለቱም የሚፈላለጉበት ምክንያት ተገኘ። (ወንድምና እህት ሊሆኑ ነው እንዴ ብላችሁ አትጨነቁ። ዝምድናው ከሰባት ቤት በላይ ስለራቀ ሽማግሌ ቢልክም ችግር የለውም።)

አሁን ዋጋውን እንየው። ዛር የያዘው ሰው የዛሩ "ፈረስ" ይባላል። ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጭብጨባውና ከበሮው ይጀመራል። ሴትየዋ ጉሪ ትላለች፤ አንገቷና ትከሻዋ ይወዛወዛል። ከዚያ የሚናገረው እሷ አይደለችም፣ እሱ ነው። በእሷ አፍ ይፎክራል፣ ሽቶ አምጡ ይላል፣ የዶሮውን ቀለም ሳይቀር ይመርጣል። ሲለቃት ላብ አጥምቋት ትነቃለች። የሆነውን አታስታውስም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህቺ ጉጉ ልጅ፣ ሁሉን ማወቅ የምትሻዋ፣ የወደዳትን ሰው ድምፅ ሰምታ የማታውቅ ብቸኛ ሰው እሷ ናት። እሱ ሲመጣ እሷ የለችም። እሷ ስትመለስ እሱ ሄዷል። ቡና ያፈላችው ጎረቤት ሰምታዋለች። ደጅ ላይ የቆመው ሕፃን ሰምቶታል። እሷ ግን ነጠላዋን እያስተካከለች "ምን አለ?" ብላ ትለምናለች። ጎረቤትየዋ ብትዋሽስ? ግማሹን ብታስቀርስ? ራሷ እሱን ብትወደውስ? አያችሁ፣ አረንጓዴ ዓይን አላስፈለገንም።

ልጅቷንም በደንብ አብጇት። በትር የያዘች፣ ድስት የምታማስል ጠንቋይ የእኛ አይደለችም። ከባለዛር ቤት ያደገች ትሁን። ወይም የደብተራ የልጅ ልጅ ትሁንና ግዕዝ ማንበቡን በጓዳ በኩል ትማረው። ከአያቷ ሞት በኋላ ሣጥን ውስጥ የብራና ክታብ ታገኛለች እንበል። ክታብ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። ትዘረጋዋለች። ከሷም፣ ከአያቷም ቁመት ይረዝማል። ጽሑፉ ጥቁር ነው፣ ስመ አምላኩና መጀመሪያው መሥመር ቀይ። መሐሉ ላይ ዓይኖች ተሥለዋል፤ ጠልሰም የሚባለው የመከላከያ ሥዕል ነው፣ አፍጥጠው ያዩአታል። የባለቤቱ የክርስትና ስም ሊገባበት የሚገባው ቦታ ግን ተፍቋል። ክታብ እጅ ሲለውጥ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ አዲስ ይጻፍበታል፤ ይህ እኔ የፈጠርኩት አይደለም፣ እስከ ዛሬ በተረፉ ክታቦች ላይ ይታያል። ይሄኛው ላይ ግን አዲስ ስም አልተጻፈም። ልጅቷ ብራናውን ወደ መስኮቱ ታነሣዋለች። በተፋቀው ስስ ቦታ በኩል ብርሃን ይገባል፤ የሁለት ፊደል እግር ይታያል። አሁን ይህቺን ልጅ ማን ያስቆማታል?

ጉጉት ግን ንጹሕ ነገር ብቻ አድርጋችሁ አትሣሉት። በ1932 እ.ኤ.አ. ከዳካር ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ከርሞ ነበር። ከአባላቱ አንዱ ገጣሚው ሚሼል ሌሪስ ነው። በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት መልካም አየሁ ከምትባል የታወቀች ባለዛር ቤት መመላለስ ጀመረ። ዛሮቹን፣ መሥዋዕቱን፣ ዘፈኑን ሁሉ ይጽፋል። ልጇ እማዋይሽም ዘፈኖቹን ታውቃለች። ሌሪስ ወደ እማዋይሽ ልቡ እንደሳበው በማስታወሻው ላይ በግልጽ ጽፏል። የሆነ ነገር ግን የለም። ለምን? ማስታወሻውን አንብቤ የገባኝ እንዲህ ነው፦ አጠገቧ ተቀምጦም እጁ እርሳሱን አይለቅም። ማወቅ ፈለገ፣ መግባትም ፈለገ፣ ሁለቱ አልገጠሙለትም። ከሩቅ አገር የመጣው ምስጢራዊ ሰው እሱ ነበር፤ ጉጉውም እሱ ነበር። በእማዋይሽ ዓይን ታሪኩ ምን ይመስል እንደነበር እስቲ አስቡት። ከእናንተ አንዱ ቢጽፈው ሌሊት ተቀምጬ አነበው ነበር።

መስተፋቅርን ከታሪካችሁ አውጡልኝ። አደራ። ሰውየው በመድኃኒት ከወደዳት፣ ወይም እሷ በድግምት ከወደደችው፣ ፍቅሩ አለቀ ማለት ነው። እንቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ማለቱ ምን ዋጋ አለው? ሊገባ የሚችለው እንደ ፈተና ብቻ ነው፤ ልጅቷ አሠራሩን ታውቃለች፣ እጇ ላይ አለ፣ አታደርገውም። ያቺ ለባሏ መስተፋቅር ፈልጋ ወደ አዋቂ ሄዳ የአንበሳ ጸጉር አምጪ የተባለችውን ሴት ታስታውሳላችሁ? ቀስ በቀስ ሥጋ እየሰጠች አንበሳውን አላመደችው፣ ጸጉሩንም ነቅላ አመጣች። አዋቂው "ባልሽንም እንዲሁ አድርጊው" አላት። ጥሩ ምክር ነው፤ ግን ባልየው ማን ነው? ተረቱ ስለ አንበሳው የነገረንን ያህል እንኳ ስለሱ አልነገረንም። እናንተ ይህንን አትድገሙት።

አንድ ከበድ ያለ ነገር አለኝ። ሚስጥራዊ ወይም አስፈሪ ሰው ስትፈልጉ እጃችሁ ቶሎ ወደ ቡዳ ይሄዳል። ሸክላ ሠሪዋ በሌሊት ጅብ ትሆናለች፣ አንጥረኛው በዓይኑ ይበላል። ለታሪክ የሚጥም ነገር እንዳለው አልክድም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለው ጅብ ታየ እየተባለ ሲወራ ሰምቶ ጽፏል። ጉትቻ ያለው ጅብ! ግን በዚህ ወሬ ሰው ተገልሏል፣ ጋብቻ ተከልክሏል፣ ተደብድቧል። ቤተ እስራኤል በሸክላና በብረት ሥራቸው ምክንያት ይህ ስም ለዘመናት ተለጥፎባቸዋል። ጉትቻውን ተጠቀሙበት፤ ግን ታሪኩን ከተጠርጣሪዋ በኩል ንገሩት። መንደሩ ሁሉ የሚሸሻት ልጅ፣ አንድ የማይሸሻት እንግዳ። ለምን አልሸሸም? ይኸው ምስጢር።

ታሪኬን ውጭ ነው የማደርገው የምትሉም አላችሁ። አድርጉት፣ ግን አንብቡ። አሜሪካ ውስጥ ሴለም በምትባል ቦታ ጠንቋዮች ተቃጠሉ ብሎ የጻፈልኝ ልጅ ነበር። በ1692 እ.ኤ.አ. ሴለም ውስጥ የተፈረደባቸው 19 ሰዎች ተሰቀሉ እንጂ አልተቃጠሉም። እኛም ብንሆን ከዚህ የጸዳን አይደለንም፤ በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በጥንቆላና በጣዖት የተጠረጠሩትን አጥብቀው ይቀጡ ነበር፣ የገዛ ልጆቻቸው እንኳ አልቀረላቸውም። በዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ ጉጉ የሆነች ልጅ ብታስቀምጡ ፍርሃቱ በራሱ ይመጣል።

ቤተሰቡን አትርሱ። ዛር የወደዳት ልጅ እናት ዝም ብላ አትቀመጥም፤ ነገ ጠዋት እንጦጦ ጠበል ትወስዳታለች። ይህቺን እናት መሳቂያ አታድርጓት። ምናልባት በቤቱ ውስጥ ልክ የሆነችው እሷ ናት።

መጨረሻውን በተመለከተ፣ አብዛኞቻችሁ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የምታውቁት። ወይ ሰውየው ይባረራል፣ ወይ ሰው ሆኖ ይሞሸራል። የባለዛሮቹ ልማድ ሦስተኛ መንገድ አለው። ዛርን አብዛኛውን ጊዜ አያባርሩትም፤ ይደራደሩታል። ምን ይፈልጋል? በየስንት ጊዜ ይመጣል? ምን ይለበስለት? በምላሹስ ምን ይተዋል? እንግዲህ ሁለቱ ይደራደሩ። "ስመለስ የተናገርከውን ትዝ እንዲለኝ ታደርጋለህ?" ትበለው። "ስሜን ለማንም ካልነገርሽ" ይበላት። እሷ ደግሞ ነገር ሆዷ ውስጥ አያድርም። ይህንን ምዕራፍ ከሁሉ በፊት ጻፉት። ረቂቅ ስትልኩልኝም ከእሱ ጀምራችሁ ላኩልኝ፤ ማን ምን እንደተወ ከገባኝ ወደ ክፍል 1 እመለሳለሁ።