መልስ፦ ሎግ ቡክ ለፊርማ ብቻ ነው ወይ?
ዶክተርዬ፣ "ሎግ ቡክ (ሬዚደንቱ የገባበት ኦፕራሲዮን ሁሉ የሚመዘገብበት ደብተር) ከፊርማ ውጪ ምን ይጠቅማል፣ ጥሩ የሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ስልጠና) ፕሮግራም በምን ይለያል" ላልከው፣ እኔ ሰርጀሪ ስማር ሲኒየሩ ወር ሲያልቅ ሻይ እየጠጣ የሰላሳ ቀኑን ኬዝ ባንዴ ይፈርምልን ነበር፣ የቱን ራሴ እንደሰራሁ የቱ ላይ ሪትራክተር (ቁስሉን ከፍቶ የሚይዝ መሳሪያ) ይዤ ብቻ እንደቆምኩ አያይም፣ እስካሁን ያናድደኛል። ይሄ ሁለቱ ካልተለየ ሎግ ቡኩ ምንም አይናገርም፣ የሚጎዳው ደግሞ በሽተኛው ነው። ስለዚህ ከመምረጥህ በፊት እዛ ያሉትን ሬዚደንቶች ጠይቃቸው፣ ኬዙ በተሰራበት ቀን ነው ወይ የሚፈረመው፣ ማታ ዲዩቲ ላይ ሲኒየር ሲጠራ ይመጣል ወይ፣ መጨረሻ ፈተና ላይ ከሌላ ቦታ ኤክስተርናል ኤግዛሚነር ይገባል ወይ። የኮሴክሳን (የምስራቅ፣ መካከለኛውና ደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ ኢትዮጵያም አባል ናት) መንገድ ካሰብክ 2 ዓመት ለሜምበርሺፕ (የመጀመሪያው ደረጃ)፣ ከዛ 3 ዓመት ለፌሎውሺፕ (የስፔሻሊስት ደረጃ) ነው፣ ሎግ ቡክ ግዴታ ነው፣ ፈታኞቹም ካንድ ሆስፒታል አይደሉም፣ እሱን በጣም ወድጄዋለሁ።