ውሻ አይጾምም፣ አይፈስክምም

ልጆቼ፣

ውሻና ድመት የምታሳድጉ ወጣቶች እየበዛችሁ ነው። ቡችላ ታቅፎ የኮንዶሚኒየም ደረጃ የሚወጣ ሰው በእኛ ጊዜ አልነበረም። ያኔ ውሻ በር ላይ የሚታሰር ዘበኛ ነበር። ስሙ ቡቺ ነው፤ የጎረቤቱም ቡቺ ነው። እናንተ ስም መርጣችሁ ታወጡለታላችሁ፤ ልደት የምታከብሩለትም አላችሁ አሉ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ትስቃለች። እኔ አልስቅም።

ጡረታ የወጣሁ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የተማርኩት ደብረ ዘይት ነው፤ የዛሬዋ ቢሾፍቱ። የሥራ ዘመኔን ገሚሱን ከከብት ጋር፣ ገሚሱን አዲስ አበባ ውስጥ ከውሻና ከድመት ጋር ጨርሻለሁ። ምክር ከመስጠቴ በፊት አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ።

ወጣት ሳለሁ ሥራዬ የደስታ በሽታ ክትባት ነበር። ደስታ የሚያምረው ስሙ ብቻ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከብቱን ፈጅቶ ክፉ ቀንን ያመጣው እሱ ነው። በሬው አልቆ ገበሬው የሚያርስበት አጣ። እኛ ከመቶ ዓመት በኋላ የበረዶ ሳጥን ተሸክመን በየመንደሩ ዞርን። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር ገጽ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። እንግዲህ ክትባት ምን እንደሚሠራ ሌላ ሰው ሊነግረኝ አይገባም ነበር።

ከአንዱ ዘመቻ ስመለስ ጓደኛዬ የሁለት ወር ቡችላ ሰጠኝ። «ትንሽ ይጠንክር፣ ከዚያ እከትበዋለሁ» አልኩ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው መብላት ተወ። በማግስቱ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ጀመረው። ሽታውን አንዴ ያሸተተ ሐኪም አይረሳውም። ፓርቮ የሚባለው የቡችሎች የአንጀት በሽታ ነበር። ግሉኮስ ሰቅዬለት ሁለት ሌሊት አብሬው አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ስንት ሺህ ከብት የከተበ እጅ ቤቱ ያለውን አንድ ቡችላ አልከተበም።

«ይጠንክር» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ አልወደውም። ቡችላ ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት መከላከያ ያገኛል። ያ መከላከያ ግን ቀስ በቀስ ያልቃል። የሚያልቅበትን ቀን ማንም አያውቅም፤ የአንዱ በስድስተኛው ሳምንት፣ የሌላው በአስራ አራተኛው ሊሆን ይችላል። የእናትየው መከላከያ ገና ካለ ደግሞ የኛን ክትባት ያከሽፈዋል። ስለዚህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመራል፤ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት ይሄዳል። «አንዴ ተከትቧል» ብሎ ቡችላ የሚሸጥላችሁ ሰው አልዋሸም ይሆናል። ግን አንዴ አይበቃም።

የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል፤ ዓመትም ሊያልፈው ይችላል። በጫማችሁ ሶል ቤት ይገባል። ቡችላ የሞተበት ቤት ወዲያው ሌላ አታምጡ። ሲሚንቶውንና ሳህኑን በመጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ አድርጋችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩበት። ያንኑ ክትባት ስታሰጡ አብሮ የሚመጣው ዲስተምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ መከላከያ ነው። ዲስተምፐር የደስታና የሰው ኩፍኝ የቅርብ ዘመድ መሆኑን ስማር በጣም ገርሞኝ ነበር። ሦስት ወንድማማች ቫይረሶች፤ አንዱ በሬ፣ አንዱ ልጅ፣ አንዱ ውሻ ይዘው የተካፈሉ።

ክትባት ስታስከትቡ ደግሞ አትፈሩ፣ ጠይቁ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው መቀመጥ ያለበት። «መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?» በሉ። ብልቃጡን አሳዩኝ በሉ፤ ጊዜው ያለፈበት መሆን አለመሆኑን እዩ። ከብልቃጡ ላይ የሚላጠው ምልክት የውሻው የክትባት ደብተር ላይ ይለጠፍ። በዚህ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በኪሱ ይዞ ቤት ድረስ መጥቶ የሚወጋ ሰውማ ውሃ ወጋ ማለት ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ላይ ቀልድ የለም። ውሻው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ምልክቱ አንዴ ከታየበት ውሻም አይተርፍም፣ ሰውም አይተርፍም። ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ያበደ ውሻ ሁሉ አይሮጥም፣ ሁሉን አይነክስም። አንዳንዱ ዝም ይላል። ድምፁ ይጎረናል፣ አገጩ ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስለዋል። ሊያወጣለት እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እንዲህ አድርገው ውሻውን ወደ እኔ ያመጡ ሰዎች ነበሩ። ውሻውን ትቼ ሰዎቹን ነው ወደ ሐኪም ያባረርኩት።

ከተነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሙሉ 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ይዛችሁ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ውሻው ከተያዘ አትግደሉት፤ አሥር ቀን ታስሮ ይታያል። የድሮው መርፌ ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋ ስለነበር ስሙ ብቻ ሰው ያሸሽ ነበር። አዲሱ ክንድ ላይ ነው፤ ጊዜውም ጥቂት ነው። ጸበል እሄዳለሁ የሚለኝን ሰው አትሂድ ብዬው አላውቅም። ተወግተህ ሂድ ነው የምለው።

እናንተ ደግሞ ከእኛ የምትሻሉበት አንድ ነገር አለ፤ ለማዋጣት አትቸገሩም። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቆረጣል። ስለዚህ የራሳችሁን ስታስከትቡ የግቢውን ዘበኛ ውሻና በራችሁ ላይ የምታድረውን ባለቤት የሌላትን ውሻም ጨምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ክሊኒክ ስሠራ የቀን መቁጠሪያ አያስፈልገኝም ነበር። የታመመውን ውሻ አይቼ ጾም ይሁን ፍስክ እናገራለሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ውሻውም አብሮ ይጾማል። ሃምሳ አምስት ቀን እንጀራ በሽሮ። ሽሮው ውስጥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለ። ሁለቱም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ቢበስልም ያው ነው፣ ቢፈጭም ያው ነው። አንድ ቀን የቀመሰ ምንም አይሆን ይሆናል። በየቀኑ የሚበላው ግን ቀስ እያለ ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል። ባለቤቱ «ሰነፈብኝ» ብሎ ያመጣዋል። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። ሁለት ወር ስጋ ያላየ ሆድ በአንድ ጠዋት ጮማ፣ የቅቤ ፍትፍትና የዶሮ አጥንት ይወርድበታል። የበሰለ አጥንት እንደ ስንጥር ይሰነጠቃል። ጮማው ደግሞ ጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽት የሚባለውን ዕጢ ሊያስቆጣው ይችላል። የፋሲካ ማግስት ወረፋዬ ረጅም ነበር፤ ሁሉም ያስመልሰዋል።

አጥንቱ ቶሎ ይታያል፣ ቶሎ ይታከማል። እኔን የሚያስፈራኝ ሳንባው ነው።

በጉ ይታረዳል፣ ይገፈፋል፣ ሆዱ ይከፈታል። ጉበቱ ላይ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይታያል። አራጁ በቢላ ቆርጦ ያወጣዋል። «ይሄስ ለሰው አይሆንም፣ ለውሻው ስጡት» ይላል። ይህን አረፍተ ነገር ስንት ግቢ ውስጥ ሰማሁ! እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ አባቴ ቤት ብዬዋለሁ። ያቺ ከረጢት ውስጥ ያለው የአንዲት የኮሶ ትል ዘር ነው። ሰው ከጥሬ ስጋ የሚይዘው ረጅሙ ኮሶ አይደለም፤ ይህች ከ3 እስከ 7 ሚሊሜትር ብቻ ናት። ውሻው ሆድ ውስጥ በሺህ ትፈላለች፤ ውሻው ግን አይከሳም፣ አያስለውም፣ ምንም አይታይበትም። ከስድስት ወይም ከሰባት ሳምንት በኋላ እንቁላሏ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል። ልጅ ውሻውን ያሻሽና በዚያው እጁ ዳቦ ይበላል። ከዓመታት በኋላ ያው ከረጢት በዚያ ልጅ ጉበት ላይ ይገኛል። መውጫው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው።

መድኃኒቷ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ ሰው ለቢልሃርዚያ የሚወስደው ማለት ነው። ማንኛውም የትል ኪኒን አይተካውም፤ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ። መጠኑ በክብደት ስለሆነ ውሻው ይመዘን። ጥሬ የሆድ ዕቃ የሚያገኝ ውሻ በየስድስት ሳምንቱ ያስፈልገዋል። ጥሬ ካላገኘ ግን ጣጣው ይቀንሳል። ከሉካንዳ የምትገዙትን ሳንባም ቢሆን ተቆራርጦ አርባ ደቂቃ ያህል ይፍላ። ከረጢት ያለበትን አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ።

«ታዲያ ምን ላብላው?» ትሉኛላችሁ። ከውጭ የሚመጣው የውሻ ምግብ ውድ ነው፤ አውቃለሁ። አቅም ያለው ይግዛ። ለሌላው ድስት አለ። የበሰለ ስጋ ወይም እንቁላል፣ ሩዝ ወይም ቅንጬ፣ ዱባ፣ ካሮት። ሽንኩርት የለም፣ በርበሬ የለም፣ ጨው የለም። በጾም የውሻውን እንቁላል ለብቻው ቀቅሉለት፤ እሱ አይጾምም። ዘቢብ ያለበት ቆሎና ቸኮሌት አታስቀምሱት።

አንድ ስህተት ግን ከድህነት ሳይሆን ከፍቅር ይመጣል። «ጀርመን» ቡችላ በውድ የገዛ ሰው ስጋ ብቻ ያበላዋል፤ እንዲገዝፍ። በአራተኛው ወር የፊት እግሩ ይጣመማል፣ መቆም ያመዋል። ስጋ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ሰውነቱ ካልሲየም ሲያጣ ከራሱ አጥንት ይበደራል። ያኔ ባለቤቱ ፀሐይ ማሞቅ ይጀምራል። ለሕፃን ልክ ነው፤ የውሻ ቆዳ ግን ከፀሐይ የሚበቃውን ቫይታሚን ዲ አይሠራም። ከምግብ ነው የሚያገኘው። ላደገ ውሻ ታጥቦ፣ ደርቆ እንደ ዱቄት የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት፣ ለግማሽ ኪሎ ስጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ይጨመራል። ለሚያድግ ትልቅ ዘር ቡችላ ግን በግምት አትስጡ፤ ካልሲየም ሲበዛበትም አጥንቱ ይበላሻል። እሱን ሐኪም ያስላላችሁ።

ድመት ያላችሁ፣ አልረሳኋችሁም። ድመት ትንሽ ውሻ አይደለችም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከስጋ ካላገኘች ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይደክማል። እንጀራና ወተት ሆዷን ይሞላል እንጂ አያኖራትም፤ ወተቱማ ያደጉትን ብዙዎቹን ያስቀምጣል። የራስ ምታት መድኃኒት፣ ፓራሲታሞል፣ አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል። ለውሻ ቁንጫና መዥገር የተሠራ፣ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒትም እንዲሁ። «ትንሽ አድርጌ» አይሠራም።

ሚስት ስታረግዝ ድመቷን የሚያባርሩ ባሎችም አሉ። ሐኪም «ቶክሶፕላዝማ» ስላለ፤ በድመት ዓይነ ምድር የሚወጣ፣ ጽንስን የሚጎዳ ጥገኛ ነው። ስጋቱ ባዶ አይደለም። ግን ዓይነ ምድሯ በየቀኑ ከተጣለ ጥገኛው ለመተላለፍ ጊዜ አያገኝም፤ ከወጣ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። መጣሉ የባልየው ሥራ ይሁን። አንድ ባል ድመቷን በካርቶን አድርጎ አምጥቶልኝ፣ ከዚያ ወጥቶ ነፍሰ ጡሯን ጥሬ ስጋ ሊጋብዛት ሄደ። በሽታው በጥሬ ስጋ ጭምር እንደሚገባ የነገረው የለም። ድመቷ እኔ ዘንድ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች።

ሌላው ሁሉ ትንንሽ ነገር ነው። በወር አንዴ ጎኑን ዳብሱት፤ የጎድን አጥንቱ በእጅ መታወቅ አለበት፣ ከሩቅ መቆጠር ግን የለበትም። ክረምት ሲወጣ ጆሮውንና በጣቶቹ መካከል መዥገር ፈልጉ። ልታራቡ ካላሰባችሁ ይኮላሽ፣ ትኮላሽ፤ ያልተኮላሸች ሴት ውሻ ስታረጅ ማህፀኗ መግል ሊቋጥር ይችላል። ሌሊት በአስቸኳይ ከማስከፈት ቀን በቀጠሮ ይሻላል፤ ዋጋውም ይለያያል።

የሚቀጥለው ፋሲካ ሲመጣ በጉ ከመታረዱ በፊት ውሻውን ጓሮ እሰሩት። ከመታሰሩ በፊት ግን ቁርሱን ስጡት፤ ሽታው እየመጣበት በባዶ ሆዱ አይዋል።