ለ1770ዎቹ የአሜሪካ ካልሲ የትኛው ክር ይሻላል?

የ1770ዎቹን የቦስተን ሰው ረጅም ካልሲ አስመስዬ ስሠራ ሜሪኖ (በጣም ለስላሳ የበግ ሱፍ) ይሆናል ወይ ላልሽው፣ አይሆንም እህቴ። ሜሪኖ በግ አሜሪካ በብዛት የገባው ከ1800 በኋላ ነው። የሌስተር ወይም የሮምኒ በግ ሱፍ ፈልጊ። ጸጉሩ ረጅም ስለሆነ ተበጥሮና ጠበቅ ተደርጎ ሲፈተል ያብረቀርቃል፣ እንደ ሜሪኖ ባይለሰልስም ተረከዙ ላይ ቶሎ አይሳሳም።

ክሩ ቀጭን፣ ባለ 2 ወይም ባለ 3 ድርብ ይሁን። ነጭ፣ ግራጫ ወይም በኢንዲጎ የተነከረ ሰማያዊ ያምራል። ደማቁን ሐምራዊ ተዪው፣ የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሐምራዊ የተገኘው በ1856 ነው።

«ሱፐርዎሽ» (ሲታጠብ እንዳይኮማተር የታከመ ሱፍ) የሚል ጽሑፍ ያለበትን አትግዢ፣ የዘመናችን ሥራ ነው። ግን አደራ፣ እንዲህ ያልታከመ ሱፍ በሙቅ ውሃ ታሽቶ ከታጠበ ተኮማትሮ ይቀራል፣ ብዙ ልፋት እንዲህ ሲበላሽ አይቻለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ናሙና ሥሪ፣ ለብ ባለ ውሃ አጥበሽ ሲደርቅ ለኪው፣ ከዚያ ካልሲውን ጀምሪ።