ከአዘዞ ቦሌ ስንት ሰዓት ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥምቀት ሲቃረብ ጥያቄው ሁሉ ስለ በረራ ይሆናል። አሳጥሬ ልመልስ።

ከጎንደር አዲስ አበባ በአየር ስንት ነው? ኢንተርኔት ላይ አንዱ 420፣ ሌላው 261፣ ሌላው 227 ይላል። የቱን ልመን? (ከማራኪ)

ሦስቱንም። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው ማይል፣ ሦስተኛው አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ነው። ልኬቱ አዘዞ ካለው ከጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ በቀጥታ መስመር ነው። በመኪና ግን ከ700 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጣናን መዞር አለ፣ የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛም አለ።

አውሮፕላኑ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር ከሆነ ትኬቱ ላይ ለምን ከአንድ ሰዓት በላይ ተጻፈ?

600 የሚበረው ከፍታውን ከያዘ በኋላ ነው። የትኬቱ ሰዓት የሚቆጠረው አዘዞ ላይ ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ቦሌ እስኪቆም ድረስ ነው። ሽቅብ ሲወጣም ሲወርድም ዝግ ይላል፤ ቦሌ ሲጨናነቅ ደግሞ ተራ ይጠብቃል። ለነገሩ ከጎንደር ፒያሳ አዘዞ መንገዱን፣ ፍተሻውን፣ ሻንጣ መጠበቁን ስትደምሩት ከቤት እስከ ቤት ግማሽ ቀን ያዙለት።

ትኬቴ 07:40 ይላል። እኔ ከምሳ በኋላ ነው እላለሁ፣ ባለቤቴ አይደለም ትላለች። (ከአዘዞ)

ኧረ ባለቤትዎን ይስሙ! ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 07:40 ማለት ጠዋት 1:40 ነው፤ 6 ይቀንሱ። 13:20 ከሆነ ቀን 7:20 ነው። ከ19:00 ጀምሮ ከሆነ 18 ይቀነሳል፦ 20:00 ማታ 2:00 ነው።

ሰውን የሚያሳስተው የሌሊቱ በረራ ነው። ትኬቱ «ሰኞ 00:30» ካለ በእኛ እሁድ ሌሊት 6:30 ነው። ስለዚህ እሁድ ማታ ቦሌ መገኘት ነው። ሰኞ ማታ ሻንጣ እየጎተተ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

ቀኑንም ልብ በሉ። ጥምቀት አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን 20 ነው። ከተራን ፋሲል መዋኛ ማየት የሚፈልግ እንግዳ ካላችሁ ከዚያ ቀደም ብሎ ይግባ።

እናቴ እህቴ ጋ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው። ሲሄድ መንገድ ላይ ያርፋል፣ ሲመለስ በቀጥታ ይመጣል አሉኝ። ለምን?

ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ ነዳጅ ይጠይቃል። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ያን ሁሉ ነዳጅ ከነተሳፋሪው ተሸክሞ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። ዋሽንግተን ግን ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ሞልቶ ይነሳል። በዚያ ላይ ወደ ምሥራቅ ሲበር የከፍታው ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል። እናታችን ሲሄዱ ከመምጣታቸው የበለጠ ይደክማቸዋልና ወፍራም ካልሲ ይያዙላቸው።

ከጎንደር ባሕር ዳርስ?

በአየር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በመንገድ 180 ቢሆን ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ ሚኒባስ ያዙ።