ከበዓል እደላ ይልቅ ጥቂት ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ መያዝ

እህቴ፣ ያነሳሽው ጥያቄ እኛንም ብዙ አከራክሮናል። የሰንበቴ ማኅበራችሁ ለገናና ለፋሲካ ዘይትና ዱቄት ያድላል። ሰልፉ ግን በየዓመቱ እየረዘመ፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው እያነሰ መጣ። «እንዲሁ እንቀጥል ወይስ ሌላ መንገድ አለ?» ነው ያልሽው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ደብር የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ለረጅም ጊዜ አገልግያለሁ። እኔን ከጠየቅሽኝ ሰልፉ ይቅር። አቅማችሁ የሚፈቅደውን ያህል ጥቂት ቤተሰብ ምረጡና ዓመቱን ሙሉ ያዙ።

ለምን መሰለሽ? እንጀራ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት ነበረች። ለፋሲካ አምስት ሊትር ዘይት ሰጠናት። ሳምንት ሳይሞላ ሱቅ ወስዳ ሸጠችው። ከመካከላችን የተቀየሙ ነበሩ። ቤቷ ሄደን ስናያት ግን የቤት ኪራይ ውዝፍ ነበረባት። አከራይዋ «ክፈይ፣ ካልሆነ ልቀቂ» ብላታለች። ልጆቿን ይዛ ሜዳ ላይ ልትወድቅ ለደረሰች ሴት ዘይቱ ምን ይሠራላታል? ሸጣ ጣሪያዋን ማዳኗ ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላ ቤት ሳናይ መስጠት አቆምን።

ቤት ማየት ስልሽ ዝም ብሎ ደጃፍ ላይ ቆሞ መመለስ አይደለም። ለሌላ ቤተሰብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተገዝቶ ነበር፤ ጋግራ እንድትሸጥ ታስቦ። አከራዩ «በእኔ ቆጣሪ እንጀራ አይጋገርም» አለ። ምጣዱ አልጋ ሥር ገባ። ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጡ ማውራት ቢቀድም ኖሮ ይህ ይታወቅ ነበር። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ለወንድ የማይነገር የጓዳ ጉዳይ አለ።

ከባዱ ሥራ ምርጫው ነው። ሰልፍ ላይ የሚቆመው ለመጠየቅ ድፍረቱ ያለው ሰው ነው። እጅ ያጠረው ግን ገበናውን የሸፈነ ቤተሰብ አይሰለፍም። እነዚህን ለማግኘት የእድሩን ጸሐፊ ጠይቁ። ወርኃዊ መዋጮ በድንገት ያቋረጠ ሰው ቤት አንድ ነገር አለ። የሰፈር ባለሱቅም ያውቃል፤ ዱቤው እየተቆለለ፣ ግዢው ከኪሎ ወደ ሩብ የወረደ ቤተሰብ የትኛው እንደሆነ ይነግራችኋል። የንስሐ አባቶችን «የተቸገሩትን ስም ንገሩን» አትበሏቸው፤ የተቸገረ ሰው ሲያገኙ ወደ እናንተ እንዲልኩ ብቻ ለምኗቸው።

ገንዘቡ የት ይዋል ላልሽው፣ መንግሥት የሚሸፍነውን አትድገሙ። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ምገባ አለ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣል። ስለዚህ እኛ መስከረም ላይ ደብተር መግዛት ትተን ወደ ሐምሌና ነሐሴ ዞርን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጆቹ ምሳ በአብዛኛው እናትየዋ ላይ ይወድቃል። ዝናቡ ደግሞ የቀን ሥራውን ያቀዘቅዘዋል። ክረምት ላይ የገባ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከበዓል ዶሮ የበለጠ ቤት ያቆማል።

ሌላው፣ እኔ አጥብቄ የምመክረው፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ምንም ለሌላቸው መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ከእነሱ በጥቂቱ ከፍ ያሉት ግን ዝርዝሩ ውስጥ አይገቡም፤ መዋጮውንም በአንዴ አውጥተው መክፈል ይከብዳቸዋል። ምዝገባው ጊዜ አለው፤ ካለፈ አለፈ። ወረዳ ሄዳችሁ ቀኑን አጣሩና ቀድማችሁ ክፈሉላቸው። አንድ ሕመም ቤተሰብን ከሥሩ ሲነቅል አይቻለሁ፤ መዋጮው ከዚያ ጋር ሲወዳደር ምንም ነው።

ሃይማኖትን በሚመለከት፣ እርዳታውን ለምእመናን ብቻ አታድርጉት። «ልጅሽ ሰንበት ትምህርት ቤት ካልመጣ» የሚል ቅድመ ሁኔታም አታስገቡ፤ ምጽዋት በምላሹ ምንም አይጠይቅም። እኛ ከያዝናቸው መካከል ሙስሊም ቤተሰቦች አሉ። እነሱ ጋ የታረደ ሥጋ አይሄድም፤ እህል፣ ዘይት ወይም ብር ይሁን። ረመዳን ላይ መስጊዱ ለማን እንደሚያደርስ ጠይቃችሁ ተደጋገፉ።

ፎቶ ደግሞ ፈጽሞ! ልጅ የዘይት ጄሪካን ይዞ ቲክቶክ ላይ ሲወጣ፣ ነገ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚባል አስቢው። ለጋሾች ማስረጃ ከጠየቁ የኪራይና የግዢ ደረሰኝ አሳዩ። ሒሳቡ በማኅበሩ ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር፣ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ። የተረጂዎች ስም ግን ከኮሚቴው እንዳይወጣ።

ሰልፉን በአንድ ቀን አትቁረጡት። ለምደው የሚጠብቁ አረጋውያን አሉ። የሚመጣው ገና የመጨረሻው እደላ እንደሚሆን ከወዲሁ ንገሩ፤ የሚመጡትንም እዚያው መዝግቡና ቤታቸውን እዩ። ብቻቸውን የሚኖሩትን አስቀድሙ። እኛ ቤት ስንጎበኝ የምንሞላት አንድ ገጽ ቅጽ አለችን። ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።