ቦርሳው ከእግርሽ ሥር ይሁን

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። በኅዳር መጨረሻ ለወንድሜ ሠርግ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በመኪና እንሄዳለን። የ3 ዓመት ወንድና የ8 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። እናቴም አብራን ትሄዳለች፤ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ለመንገድ ምን ምን ልያዝ? ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አለኝ፣ እሱንስ ልጨምረው? (የልጆች እናት፣ ከሳሪስ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ! ከዕቃው በፊት የሚቀመጥበትን ቦታ ልንገርሽ። የዛሬ ስድስት ዓመት ወደ ላንጋኖ ስንሄድ፣ ዝዋይ ላይ ለሻይ እንደወረድን ልጄ የተሰበረ ጠርሙስ ረገጠች። ፋሻም፣ ጎዝም፣ ጓንትም ይዤ ነበር። ግን ሁሉም ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣው ደግሞ ፖርቶ መጋላ ላይ በሸራና በገመድ ተጠፍሮ ነበር። ሾፌሩ ገመዱን እስኪፈታ እግሯን በነጠላዬ ጨምቄ ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ቦርሳው ከእግሬ ሥር ተለይቶ አያውቅም።

የሚደማ ቁስል የሚቆመው በመጫን ነው፤ ንጹሕ ጨርቅ አድርገሽ፣ በየደቂቃው ሳትገልጪ፣ 10 ደቂቃ ያህል ጫኚው። ቡና ልነስንስበት የሚል ዘመድ ቢመጣ በትሕትና ከልክይ። ደሙ ሲቆም በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። ለዚህ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ጓንት፣ መቀስና ወረንጦ ይበቁሻል።

ለትኩሳት የፓራሲታሞል ሽሮፕ ያዢ፤ ለልጅ አስፕሪን አይሰጥም። ከመነሳታችሁ በፊት ልጆቹን አስመዝኚ፣ መጠኑ የሚሰላው በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነውና። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። ልጅሽ 14 ኪሎ ቢሆን፣ ብልቃጡም «በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም» የሚል ከሆነ፣ በአንድ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በየ6 ሰዓቱ ይሰጣል፣ በቀን ከ4 ጊዜ አይበልጥም። የብልቃጦቹ ጥንካሬ ስለሚለያይ ጽሑፉን አንብቢ። ስሌቱን ከፋርማሲስቱ ጋር አረጋግጠሽ ወረቀት ላይ ጻፊና ከብልቃጡ ጋር እሰሪው፤ በሌሊት፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ሒሳብ አይሠራም። በወጥ ማንኪያም አትለኪ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ግዢ።

ለተቅማጥ ኦ.አር.ኤስ ያዢ። አብዛኛው ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ባለ 1 ሊትር የታሸገ ውኃ ከገዛሽ ጠርሙሱ ራሱ መለኪያ ይሆንሻል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፊው። ልጁ ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቀሽ በማንኪያ ቀስ እያልሽ ቀጥዪ።

አሞክሳሲሊኑን ግን ተዪው። ለማን፣ ለምን በሽታ እንደታዘዘ ሳይታወቅ ለልጅ አይሰጥም።

የእናትሽን መድኃኒት ከጉዞው ቀናት በላይ የሚበቃ ያዙ፤ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በእጅ ቦርሳቸው፣ ግማሹ ባንቺ ዘንድ ይሁን። አርባ ምንጭ ቆላ ስለሆነ በቆመ መኪና ውስጥ መድኃኒት ጥላችሁ አትሂዱ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ኅዳር የወባ ወቅት ነው። አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዢ፤ ማታ ሠርጉ ቤት ልጆቹን እጅጌው ረጅም ልብስ አልብሻቸው። ወባ ትንኟ በነከሰች ማግስት አይታይም፤ ቢያንስ 7 ቀን ገደማ ይወስዳል፣ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ከወራት በኋላም ይነሳል። ስለዚህ ቤታችሁ ተመልሳችሁ፣ ሠርጉም ተረስቶ ሳለ፣ ልጁ ትኩሳት ቢይዘው ጉንፋን ነው ብለሽ አታሳድሪው። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጂውና ገና ከመቀመጥሽ «አርባ ምንጭ ነበርን» በይ፤ የደም ምርመራ ይደረግለት።